ያልበላሁት ፈረስ

ዛሬ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ከጎረቤቴ ልጅ ጋር ቼዝ ተጫወትን። የደብረ ብርሃን ብርድ መቼም ይታወቃል፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ፀሐይ የሚያገኘው በረንዳ ላይ ቦርዱን ዘረጋን፣ ሰዓቱን በስልኩ ሞላው፣ ለየራሳችን 15 ደቂቃ፣ ባንቀሳቀስን ቁጥር 10 ሰከንድ ይጨመራል።

ልጁ ኦንላይን የቼዝ ደረጃው 1900 ነጥብ ገደማ ነው፣ እኔ 1500 ላይ ተቸክዬ ቀርቻለሁ። በኢሎ፣ ማለትም የተጫዋቾችን ደረጃ በነጥብ በሚለካው ስሌት፣ በ400 ነጥብ የሚበለጥ ሰው ከ10 ጨዋታ 1 ነጥብ ገደማ ቢያገኝ ነው፣ ስለዚህ መሸነፌ አይደለም ያንገበገበኝ።

ያንገበገበኝ የዛሬው ፍርሃቴ ነው፣ እሱም የመጣው ካለፈው ወር ጨዋታችን ነው። ነጭ ይዤ ጣልያንኛ የሚባለውን አጀማመር ስጀምር በ3ኛው እርምጃ ፈረሱን ዲ4 በሚባለው የቦርዱ ቤት ላይ ተከለው፣ ኢ5 ላይ ያለችው ወታደሩ ጠባቂ አጣች፣ እኔ ደግሞ ሆዳም፣ በላኋታ! ንግሥቱ ጂ5 ላይ ወጣች፣ አልበቃ ብሎኝ ኤፍ7ንም በላሁ፣ እሷ ጂ2 ገባች፣ በ7ኛው እርምጃ ንጉሤ በራሱ ሰዎች ታፍኖ በፈረስ ማት፣ መውጫ አጥቶ ጨዋታው አለቀ። ማታ ቁጭ ብዬ ሳየው ዲ4 ላይ የመጣውን ፈረስ በፈረሴ ብበላው ኖሮ ምንም አልሆንም ነበር።

ዛሬ ታዲያ ንግሥቱን ከዲ8 ወደ ኤፍ6 ሲያወጣት ኤ5 ላይ ያለው ፈረሱ ብቻውን ቀረ። የኔ ንግሥት ዲ2 ላይ ናት፣ መስመሩ ክፍት ነው፣ በቃ መብላት ነው። እኔ ግን ይሄ ልጅ ፈረስ ዝም ብሎ አይጥልም ብዬ 4 ደቂቃ ሙሉ ወጥመድ ስፈልግ ቆየሁ፣ ምንም አላገኘሁም፣ ባላገኝም ፈራሁና የዳር ወታደር ገፋሁ። ወዲያው ፈረሱን ወደ ሲ6 መለሰው። ከዛ በኋላማ ሰዓቴ አልቆ በ10 ሰከንድ በ10 ሰከንድ ስንቀጠቀጥ ሩኬን ጣልኩና እጅ ሰጠሁ። (በድሮው የአገራችን ቼዝ፣ በሰንጠረዥ እኮ የመጀመሪያው ሰው እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደልባቸው ያንቀሳቅሱ ነበር፣ ወረራ ይሉታል፣ እኔ እዛ ብሆን ገና ሳልጀምር አልቆልኝ ነበር።)

ቡና ቀርቦ «ኤ5 ላይ ምን ነበር ያጠመድክልኝ?» አልኩት።

«ምን ወጥመድ ጋሼ፣ ሳላየው ነው እኮ የተውኩት። እርስዎ ሲያፈጡበት ነው ያየሁት።»

«እና 4 ደቂቃ ሙሉ ዝም አልክ?»

«ምን ልበል ታዲያ?» አለና የቆሎውን ሳህን ወደራሱ ሳበ።