ጉልበቱን ሲጀምረው

ዛሬ ማታ ራት ላይ ወንድሜ እጁን ከትሪው ሰብስቦ «እማ፣ ግራ ጉልበቴን ጀምሮኛል» አለ። ዳበስኩት፤ አላበጠም፣ አላተኮሰም። እሱ ግን ውስጡን ነዘር ሲያደርገው፣ ሞቅ ሲለው ያውቀዋል፤ ለእኛ የሚታየን ዘግይቶ ነው። እማዬ በረዶ በፎጣ ጠቀለለች፣ እኔ ፋክተሩን፣ ደሙ እንዲረጋ የሚረዳውን መድኃኒት፣ ከፍሪጅ አወጣሁ። ቀላቅሎ፣ የክንዱን ደም ሥር ፈልጎ የወጋው ግን ራሱ ነው። ደስታዬን ለማንም ስላልተናገርኩ እዚህ ልጻፈው።

15 ዓመቱ ነው። ሄሞፊሊያ ኤ አለበት፤ ደም እንዲረጋ ከሚያደርጉት ፕሮቲኖች ፋክተር 8 የሚባለው ይጎድለዋል። ሰው የሚፈራለት እጁን ቢላ እንዳይቆርጠው ነው። ክፉው ግን ከውስጥ ወደ ጉልበት፣ ወደ ክርን፣ ወደ ቁርጭምጭሚት የሚፈሰው ደም ነው። ቶሎ ካልተያዘ፣ ከተደጋገመም መገጣጠሚያውን በልቶ እግሩን አጥፎ ያስቀረዋል።

አምና ይደብቅ ነበር። ሌሊት ትራሱን ነክሶ ያድርና ጠዋት «ደህና ነኝ» ይላል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ከቱሉ ዲምቱ ጥቁር አንበሳ ድረስ ለታክሲ የሚወጣውን ብርና እማዬ ከሥራ የምትቀርበትን ቀን ቆጠረልኝ። በዚህ ዕድሜው! ጎረቤቶቻችን ደግሞ «ወንድ ማለት ይሄ ነው፣ እንባ የለው፣ እሮሮ የለው» እያሉ ያወድሱት ነበር። በቅንነት ነው የሚሉት፣ አውቃለሁ፤ ግን ያ ውዳሴ ጉልበቱን ጎድቶታል ብዬ አምናለሁ። ዛሬም ወደ አራተኛ ፎቅ ስንወጣ በየደረጃው ቀኙን አስቀድሞ ግራውን ያስከትላል።

የእኛ ምክር አልለወጠውም። ክትትል በሄደበት ቀን ወረፋ ላይ አጠገቡ የተቀመጠ፣ ያው ሕመም ያለበት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሱሪውን ሰብስቦ የማይዘረጋ ጉልበቱን አሳየውና «ዝም ስል ነው እንዲህ የሆነው» አለው። ከዚያ ወዲህ ሲጀምረው ይናገራል። ሲያመው ያለቅሳል፣ ይናደዳል፣ በሩን ዘግቶ ይተኛል። መድኃኒት ቤት የማስታገሻ መርፌ ሊወጉት ሲሉም «ጡንቻዬ ላይ አልወጋም፣ አስፕሪንም አልወስድም» ብሎ ሁለቱም ደም እንደሚያፈሱት አስረድቶ ወጣ። መብራት በጠፋ ቁጥር ፍሪጁን የሚከፍት ሰው ወዮለት!

እማዬ በእሷ በኩል የመጣ ስለሚመስላት አሁንም ራሷን ትወቅሳለች። ከታማሚዎቹ ሲሶ ያህሉ በቤተሰባቸው ማንም ሳይኖርበት እንደሚይዛቸው ሐኪሙ ነግሯታል፤ አልተጽናናችም። እሷን የሚያጽናናት የልጇ መናገር ይመስለኛል፤ ዛሬ በረዶውን ስትጠቀልል እጇ አልተንቀጠቀጠም።

ጉልበቱ ሲሻለው የስፖርት መምህሩን ራሱ ሊያናግር አስቧል፤ ሌሎቹ ኳስ ሲጋፉ እሱ ምን ቢሠራ እንደሚሻል አስቦ ጨርሷል። እማዬ «አብሬህ ልምጣ?» አለችው።

«እስከ ግቢው በር» አላት።