የትኛው አንበሳ?

እሑድ ማለዳ ከደብረ ብርሃን ስነሳ ጋቢ ደርቤ ነበር፤ አዲስ አበባ ስገባ ተጸጸትኩ። ጥቅምት ገብቶ የለ፣ ፀሐይዋ ቀልድ አታውቅም። 130 ኪሎ ሜትር አቋርጬ የመጣሁት ትያትር ለማየት ነው። የሰፈሬ ልጆች ይህን ሲሰሙ «ዩቲዩብ የለም እንዴ?» ብለው ሙድ ያዙብኝ። ይያዙ።

ላምበረት ወረድኩ፣ በታክሲ መገናኛ፣ ከዚያ በባቡር ለገሀር። አክስቴ «አንበሳው ጋ ጠብቀኝ» ብላኛለች፤ እኔም አሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው አንበሳ ሥር ሄጄ ተገተርኩ። ይሄ አንበሳ ደግሞ ከእኔ የባሰ መንገደኛ ነው። በ1923 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ተተከለ፣ ጣልያን ሲወረን ነቅሎ ሮም ወሰደው፣ እዚያ ስንትና ስንት ዓመት ከርሞ ነው ለአገሩ የበቃው። ግማሽ ሰዓት አብሬው ቆምኩ። እደውላለሁ፣ አታነሳም። በስንት ጊዜዋ ራሷ ደወለች።

«አንተ፣ የት ቀረህ?»

«አንበሳው ጋ ነኝ እኮ እትዬ።»

«እኔም አንበሳው ጋ ነኝ!»

ለካ እሷ ያለችኝ ብሔራዊ ትያትር ፊት ያለውን የድንጋዩን ነው። ጋቢዬን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ሽቅብ ሮጥኩ። እንዲህ ዓይነት ቀጠሮ የሚይዝ ሰው የትኛው አንበሳ እንደሆነ ቢናገር ምን ነበረበት?

የድንጋዩ አንበሳ ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ የሠራው ነው፣ በ1948፣ ለንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ የንግሥ በዓል። ትያትር ቤቱም የተመረቀው ለዚያው በዓል ነው። ሕንፃው ግን በጣልያን ጊዜ ለሲኒማ ቤት ተብሎ የተጀመረ ነበር። ፒያሳ ያለው ሀገር ፍቅር ከዚህ ይቀድማል፤ በ1927፣ ወረራው ሳይጀመር፣ ሕዝቡን ለመቀስቀስ ተብሎ ነው የተቋቋመው። አሁን ከአንበሳው ማዶ ቀና ስትሉ 200 ሜትር የሚያልፈው የንግድ ባንክ ሕንፃ ከላይ ያያችኋል። አንበሳው ግን ከድሮውም ወደ ላይ አይቶ አያውቅም።

አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቆሎ በወረቀት ጠቅልላ ቆማለች። ከኮሮና በፊት ወር በገባ ቁጥር ትያትር የማይቀርባት ሴት ነበረች። በ2012 አዳራሾቹ ሲዘጉ ቴሌቪዥን ለመደች፣ በዚያው ቀረች። እኔ ነኝ ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ «አዲስ ትያትር ጀምረዋል፣ እንሂድ» ብዬ የነዘነዝኳት። እኛ ጋ አንድ ትያትር ከወጣ ቀን ይሰጠዋል፤ የእሑዱ የእሑድ ነው፣ የሐሙሱ የሐሙስ፣ ተመልካች እስካለው ድረስም ወራት ይቆያል። እና አያመልጠንም ነበር፣ ግን እኔ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እወዳለሁ። ተዋንያኑም ሰዉ የት ላይ እንደሚስቅ ገና አያውቁም።

ትኬት ቆርጠን ገባን። ሦስተኛው ረድፍ። መብራቱ ሲጠፋ ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ዝም አለ፤ ይሄን ነው ዩቲዩብ ላይ የማላገኘው። ታሪኩ በውርስ ቤት የሚጣሉ ወንድማማቾች ነው፣ አዲስ ነገር የለውም፣ መጀመሪያው ላይም ይንዛዛል። ቡና የሚፈላበት ቦታ ላይ ግን ነፍስ ዘራ። ጀበናው ባዶ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ዕጣኑ ግን የእውነት ነው፣ ጭሱ እየተጥመለመለ እኛ ድረስ መጣ። እናትየዋ ባዶውን ሲኒ በሁለት እጇ ይዛ «እፍ» ስትልበት አክስቴ ጆሮዬ ሥር «ያቃጥላታል» አለችኝ።

ከዚያ ታላቅየው ስለ አባቱ ሞት መናገር ጀመረ። አዳራሹ ጭጭ። በዚህ መሀል መዝሙር ተሰማ። ከአክስቴ ቦርሳ። ስልኩን ስትፈልግ ቆሎው ተበተነ፣ መዝሙሩ ቀጠለ፣ እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ተዋናዩ ዝም ብሎ ጠበቀ። መዝሙሩ ሲቆም ቀስ ብሎ ወደ እኛ ዞረና «አባታችንን በጸሎት ያሰባችሁልን እግዜር ይስጥልን» አለ። ሰዉ በሳቅ ሞተ። አክስቴ በነጠላዋ ተሸፍና ከሁሉም በላይ ሳቀች።

ስንወጣ መሽቷል። አንበሳው ሥር ቆም ብላ የደወለላትን ሰው መልሳ ደወለች፤ የማኅበር ጓደኛዋ ናት። መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ እየጮኸች ነው የምታወራው።

«ትያትር ገብቼ ነው እንጂ! አዎ፣ አዲሱ። የፊታችን እሑድ አንቺም ነይ፣ አንበሳው ጋ እጠብቅሻለሁ።»

ክንዷን ነካ አደረግኳት።

«የድንጋዩ ጋ!» አለች።