እንኳን አደረሳችሁ፣ በተለይ ለምትራመዱት

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን! ሐዋሳ ያላችሁም፣ ከሐዋሳ ርቃችሁ በዓሉን በስልክ የምታከብሩም፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ። ጾሙን ሙሉ ሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ላይ ስንጨቃጨቅበት የከረምነውን «ዓሣ ያስገድፋል፣ አያስገድፍም» ዛሬ በዶሮ ዘግተነዋል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ በጾም ውሎ በቅቤ የሚሠራውን ቡርሳሜ በዓይኔ ብቻ እንድበላ የፈረዳችሁብኝ ጎረቤቶቼ፣ ድርሻዬ ተቀምጦልኛል ብዬ አምናለሁ። ካልተቀመጠ ሌላ ይሠራ፤ ቅቤውን እኔ አመጣለሁ።

እዚህ ላይ ላበቃ ነበር ያሰብኩት። ግን ዘንድሮ የማመሰግነው ሰው በዛብኝ። ከሁሉም የሚበልጡት ደግሞ የት ሄጄ እንደማመሰግናቸው ስለማላውቅ እዚሁ ልጻፈው።

የከተማችንን ግማሽ ማራቶን መሮጤን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ፎቶውን አይታችሁ «ኃይሌ ይጠንቀቅ» ብላችሁ ቀልዳችሁብኛል። እኔን ያስሮጡኝ ግን የግቢያችን እማማ ናቸው። ግቢያችን መጥቶ ቡና የጠጣ ሁሉ ያውቃቸዋል። ጥቅምት ላይ አረፉ።

ነገሩ የጀመረው በስኳራቸው ነው። ሐኪሙ ጠዋት ጠዋት እንዲራመዱ አዘዛቸው። እኔ ደግሞ መሮጥ አማረኝና ጊዜ ያለኝ ከሥራ በፊት፣ ገና ሳይነጋ ብቻ ሆነ። በጨለማ ብቻዋን የምትሮጥ ሴት ምን እንደሚገጥማት ለሴቶቹ አልነግራቸውም። ውሻስ ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ስትዪ ይሸሻል፤ መኪናውን አዝግሞ ጎን ለጎንሽ የሚነዳው ነው መድኃኒት የሌለው። ይህንን ሳጫውታቸው እማማ ብዙም አላሰቡበትም። «እኔ እራመዳለሁ፣ አንቺ ሩጪ። ከዓይኔ ግን እንዳትርቂ» አሉኝ።

እንዲህ ሆነን ከረምን። እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ይዘው ፍቅር ሐይቅ በምንለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳር ይራመዳሉ። እኔ ጥቂት ወደፊት ሮጬ እዞርና ወደ እሳቸው እመለሳለሁ፤ አልፌያቸው ወደ ኋላ ትንሽ እሄድና ደግሞ እዞራለሁ። የሚያየን ሰው የጠፋባትን ነገር የምትፈልግ ሴት ሳልመስለው አልቀርም። ጨዋታቸውንም የሰማሁት በዙር ነው፤ ስመጣ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ስመለስ ቀጣዩን። «ባለቤቴ ያኔ ገበያ ወጣና…» ይሉኛል። ዞሬ ስመጣ «ሸጦት መጣ!» ይላሉ። ምኑን እንደሸጠው ለማወቅ ሌላ ዙር መሮጥ ነበረብኝ። ፍጥነቴ የተሻሻለው በሥልጠና ይመስላችኋል?

እኔም በተራዬ የሩጫ ወሬ አመጣላቸው ነበር። ኃይሌ ታላቁን ሩጫ በኅዳር 1994 ሲጀምር ራሱ ሮጦ ራሱ እንዳሸነፈ ስነግራቸው «ድግሱም የሱ፣ ሙዳውም የሱ!» ብለው ዱላቸውን እስኪጥሉ ሳቁ። በጣም የወደዱት ግን የደራርቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የኒው ዮርክ ማራቶን ላይ እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ደክማ ወደ ኋላ ስትቀር ደራርቱ ዞር እያለች አበረታታቻት፤ ውድድሩንም ያሸነፈችው ራሷ ደራርቱ ናት። ጸጥ ብለው ሰሙኝና «ይኸው፣ ደራርቱም ትዞራለች» አሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ በመመላለሴ አላፈርኩም።

ብዙም ሳይታመሙ ነው የሄዱት። ስለ ለቅሶው አልጽፍም። ልጃቸው ዓረብ አገር ናት፤ ለቀብሩ መድረስ አልቻለችም፤ ድንኳኑን በስልክ ነው ያየችው። ስልኩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ሩጫውን ተውኩት። የመለሰኝ የሰፈራችን ባለ ባጃጅ ነው። አንድ ቀን በር ላይ አገኘኝና «ጠዋት ጠዋት ሥራ የለኝም፣ መብራት እያበራሁልሽ ከኋላ እመጣለሁ» አለኝ። ረመዳን ሲገባም ሱሑሩን በልቶ ሳይተኛ ይመጣ ነበር። የነዳጅ ልክፈል ስለው «ለእማማ ነው፣ ላንቺ መቼ ሆነ» ብሎ አፌን አስያዘኝ። ወንድሜ፣ ዛሬ እኛ ቤት ነው የምትውለው። ዶሮው የታረደው ያንተን ደንብ ጠብቆ ነው፤ እናትህን ጠይቅ፣ ያሳረድኩት እሷ ዘንድ ነው።

የሩጫው ዕለት በሶ በጥብጣ ላጠጣችኝ እህቴ፣ ከሰልባጅ ተራ ልኬን ፈልጎ ጫማ ላመጣልኝ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ፣ ደረቴ ላይ ቁጥሩን ለለጠፈችልኝ የማላውቃት ሴት፣ ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጫማው ትንሽ ሰፍቶኝ ነበር፤ ዛሬ በዓል ስለሆነ አልናገርም።

ከአዲስ አበባ የመጡት ሯጮች መነሻው ላይ «እዚህ አየሩ ይቀላል» ሲሉ ሰማኋቸው። ልክ ናቸው፤ ከተማችን 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፣ መንገዷም ሜዳ ነው። ፀሐያችን ወጣ ስትል ደግሞ ጸጥ አሉ። እኔ መጀመሪያ ላይ ደህና ነበርኩ። ለተሰንበት ግደይ እ.ኤ.አ. በ2021 ቫሌንሲያ ላይ ይህንኑ 21 ኪሎ ሜትር በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ጨርሳዋለች። እኔ በዚያ ሰዓት ዘጠነኛውን ኪሎ ሜትር አልፌ ውሃ እየለመንኩ ነበር።

የሆነውም እዚያ ነው። ድካም አልነበረም፣ እሱ በኋላ መጣ። እግሬ መዞር ፈለገ። ያን ያህል ጊዜ ስሮጥ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሄጄ አላውቅም፤ ሁልጊዜ የምመለስበት ሰው ነበረኝ። አሁን በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወደ አንድ ወገን ይጎርፋል፣ እኔ ብቻ ኋላ የቀረ ሰው ያለ መስሎኝ አንገቴ ይጠማዘዛል። ቀብራቸው ላይ ያላለቀስኩትን መንገድ ላይ አለቀስኩት። ውሃ የሚያድል አንድ ልጅ ላብ መስሎት ነው መሰለኝ ጠርሙሱን አናቴ ላይ ገለበጠልኝ። ተባረክ፣ የኔ ጌታ፤ ማንም ሳያየኝ አለፍኩ።

አንዲት ልጅ ግን አየችኝ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስፌት ላይ እንደምትሠራ ኋላ ነገረችኝ። ቁርጭምጭሚቷን ይዟት ስለነበር እየሮጠች ትራመዳለች፣ እየተራመደች ትሮጣለች። «አይዞሽ እቴ፣ አብረን እንሂድ» አለችኝ። እኔ እቀድማታለሁ፣ ቆሜ እጠብቃታለሁ፤ አንዳንዴ ጥቂት እርምጃ ተመልሼ እይዛታለሁ። ከኋላ የሚመጡት «ወደፊት ነው፣ ወደፊት!» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። በሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ገደማ እጅ ለእጅ ተያይዘን ገባን። ስልክሽን አልተቀበልኩሽም፤ ይህ ከደረሰሽ ለበዓሉ ቤቴን እንደ እህትሽ ቤት ቆጥረሽ ነይ።

አሁን ምኞቴን ልናገር።

ዓረብ አገር ላለሽው እህቴ፦ ያለ እናትሽ የመጀመሪያው ፋሲካሽ ነው። «በዓል ነውና ደስ ይበልሽ» አልልሽም። ዛሬ ከሰዓት ዳቦውንና ጠላውን ይዘን አባትሽ ጋ እንሄዳለን፤ የግቢው ሰው ሁሉ ይመጣል፣ ብቻቸውን አይቆርሱትም። ስንደርስ እደውልልሻለሁ። አሠሪዎችሽ ስልክ የሚፈቅዱልሽ ማታ ብቻ ከሆነ ማታ ደውዪ፣ እኔ አልተኛም። ባለቤታቸው ገበያ ወጥቶ የሸጠው ምን እንደነበረም እነግርሻለሁ።

ጎን ለጎኔ ለምታዘግመው ባለ መኪና፦ እንኳን አደረሰህ። ሚስትህም እህትህም አንድ ቀን መሮጥ ያምራቸው።

የመንገድ መብራት ለሚመለከታችሁ፦ የሐይቁ ዳር ምሰሶዎች ቆመዋል፣ ማብራት ብቻ ነው የቀረው።

ዘንድሮ ሰው አጥታችሁ ዶሮው ለማይዋጥላችሁ ሁሉ፦ በራችሁን አትዝጉ፤ ሰው ይግባ፣ ቢያስቸግርም ይግባ።

«እኔም መሮጥ እፈልጋለሁ» ብላችሁ ለጻፋችሁልኝ ሴቶች ደግሞ፦ ኑ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔን የቸገረኝ ሯጭ አይደለም፤ የሚራመድ ሰው ነው። ጉልበቷ የሚያማት እናት፣ ሐኪም ተራመጂ ያላት አክስት፣ ጡረታ ወጥታ ቤት የሰለቻት ጎረቤት ካለቻችሁ ይዛችሁልኝ ኑ። ጨዋታ የምታውቅ ብትሆን እመርጣለሁ። ረቡዕ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፣ ፍቅር ሐይቅ መግቢያው ላይ፤ ባጃጁም አለ።