የመንዝ በግ መረጃን ማዋሃድ፦ እስካሁን የደረስንበት

መንዝ ውስጥ የአንድ በግ መረጃ ሦስት ቦታ ተበትኗል። ልደቱና ክብደቱ እርባታ ባለሙያው፣ ዘረመሉ ላቦራቶሪው፣ ዝናቡና ግጦሹ አየር ንብረት አጥኚው ዘንድ ነው። ሦስቱን ስንገጥም ከፋይሎቹ ግዝፈት ይልቅ የሚያስቸግረው ቀን ነው።

የክብደት መዝገቡ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሞላል፤ የዝናቡ በአውሮፓውያን ነው። ቀን አስቀድሞ የሚያነብ ኤክሴል 20/11/2013ን ዝም ብሎ ኖቬምበር 20 ያደርገዋል። ሐምሌ 20 ቀን 2013 የተወለደ ግልገል ግን የጁላይ 27፣ 2021 ነው። የክረምቱ ግልገል የበጋ ይሆንና ስምንት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ከቀረው የቆየ ዝናብ ጋር ይጣመራል፤ ስህተት መኖሩን የሚናገር መልእክትም አይመጣም። ይኸው ግልገል ጥቅምት 15 ቀን 2014 (15/02/2014) ቢመዘን ዕድሜው 90 ቀን ነው፤ ኤክሴል ግን ፌብሩዋሪ 15 ብሎ ስለሚያነበው 87 ይላል። ጥቅምት 30 ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለ ጽሑፍ ሆኖ ከስሌቱ ይወጣል። መፍትሔው ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ዓምድ ለይቶ መጻፍ፣ የተቀየረውን በአራተኛው 2021-07-27 በሚል ቅርጽ ማስቀመጥ ነው። የመጀመሪያውን አጻጻፍ በፍጹም አታጥፉ፤ ማጣራት የሚቻለው በእሱ ብቻ ነው።

የጆሮ ቁጥር ዓምዱን «ጽሑፍ» አድርጉት፤ አለበለዚያ 0047 ወደ 47 ይቀየራል። ቁጥሩ በየመንደሩ ሊደገም ስለሚችል መለያው መንደር፣ የልደት ዓመትና የጆሮ ቁጥር አንድ ላይ ይሁን።

ከሁለት ላቦራቶሪ የመጣ የ50 ሺህ ማርከር (ከበግ በግ የሚለያዩ የዲኤንኤ ነጥቦች) ቺፕ ውጤት ሲዋሃድ መጀመሪያ የጂኖም ቅጂውን፣ ማለትም የማርከሮቹ ቦታ የተቆጠረበትን ማጣቀሻ፣ ጠይቁ። ኦአር 3.1 እና ራምቡዬ 2.0 በሚባሉት የበግ ጂኖም ቅጂዎች የአንድ ማርከር ቦታ ይለያያል፤ ስለዚህ በማርከር ስም አጋጥሙና ወደ አንዱ ቅጂ አምጡ። የዲኤንኤው ሰንሰለት መገልበጡ ኤ/ቲ እና ጂ/ሲ ማርከሮች (ሁለቱ ፊደላት እርስ በርስ የሚጣመሩባቸው) ላይ ስለማይታይ እነሱን ማውጣት ይሻላል። የዘረመል መረጃ መተንተኛው ፕሮግራም ፕሊንክ ካልተነገረው የሰውን 22 ጥንድ ክሮሞዞም ይጠብቃል፤ የበግ ከጾታ ክሮሞዞም ውጭ 26 ጥንድ ነው።

ቦታ ላይ፣ የካርታ ነጥቡ የተመዘገበው በአዲንዳን (የቆዩት የኢትዮጵያ ካርታዎች መነሻ ሥርዓት) ነው ወይስ በደብሊውጂኤስ 84 (ጂፒኤስ የሚጠቀምበት)? ልዩነቱ 200 ሜትር ገደማ ነው። ቀጥሎ የምንጨምረው ሞዲስ የተባለው የሳተላይት ዳሳሽ የሚሰጠው የግጦሽ ልምላሜ መረጃ በ250 ሜትር ፒክሰል (የምስሉ ትንሿ ካሬ) ስለሚመጣ፣ ነጥቡ ካልታረመ በጉ የጎረቤቱን ግጦሽ ይዞ ይገባል።

ለሌላ ተቋም ስታካፍሉ የአርሶ አደሩን ቤት ነጥብ አውጥታችሁ ቀበሌውን ብቻ ተዉ። ናሙናው ራሱ ከአገር የሚወጣ ከሆነ አስቀድማችሁ ስለ ዘረመል ሀብት በወጣው አዋጅ 482/1998 መሠረት ፈቃድ ጠይቁ።