ፊልሙን የጠገነው ልጅ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ባለ አንድ አዳራሽ የፊልም ምሽት አዘጋጃለሁ። አንድ ጊዜ የማሪ ሜንከንን ሥራዎች ሰብስበን እናሳይ አልን። ማሪ ደግሞ ማን ናት ብትሉ አልፈርድባችሁም። እ.ኤ.አ. በ1909 ከሊትዌኒያ ስደተኞች ኒውዮርክ ተወለደች። ሠዓሊ ነበረች። ማታ ማታ ታይም መጽሔት ቤት እየሠራች፣ በትርፍ ጊዜዋ በእጅ በሚሞላ ቦሌክስ ካሜራ አጫጭር ፊልም ትቀርጽ ነበር። እነ ስታን ብራኬጅ፣ ስመ ጥሮቹ የሙከራ ፊልም ሠሪዎች፣ ብዙ የተማሩት ከእሷ ነው። ስሙ ግን ለእነሱ ሆነ። በ1970 አረፈች።

ፕሮጀክተሩን የሚይዝልን ልጅ እጀ ወርቅ ነው። ሞተ የተባለ ስፒከር ያስጮኻል። መብራት ሲሄድ ሰው «ኧረ!» ብሎ ሳይጨርስ ጄኔሬተሩን ያስነሳል። የተበላሸ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ጣጣው የመጣውም ከዚሁ ነው።

መጀመሪያ በ1957 የሠራችውን የአትክልት ቦታ ፊልም አሳየን። አምስት ደቂቃ ገደማ ነው። አበባ፣ ቅጠል፣ የወፍ ድምፅ። ሰላም አለፈ። ቀጥሎ «ጎ! ጎ! ጎ!» መጣ። እኔ በር ላይ ቆሜ እንግዳ አስገባለሁ። ከውስጥ ሙዚቃ ሰማሁ። ይሄ ፊልም እኮ ድምፅ የለውም! ዘልቄ ገባሁ። የኒውዮርክ መኪኖች ቀስ ብለው ይሄዳሉ። ሰዉ ሁሉ ወፍሯል፤ ምስሉ ተለጥጦ ስክሪኑን ግጥም አድርጎ ሞልቶታል።

ወደ ልጁ ሄጄ ምን እየሆነ ነው አልኩት።

«አቦ ፋይሉ ተበላሽቶ ነው የመጣው» አለኝ። «ድምፁ ጠፍቷል፣ ምስሉ ይዘላል፣ ግራና ቀኙ ጥቁር ነው። አስተካከልኩልህ። ዝም ብዬ ላሳፍርህ ነበር?» (ድሬ ላይ አለቃም «አንተ» ነው። እኔ ወድጄዋለሁ።)

እውነቱን ለመናገር ከሙያው አንፃር ልክ ነበር። የቆጠራቸው ሁሉ በሌላ ፊልም ላይ ብልሽት ናቸው። ማሪ ግን ካሜራውን ዝም ብላ አላስሮጠችውም። አንድ ምስል ታነሳለች፣ ትንሽ ቆይታ ሌላ ታነሳለች። ያ ሲታይ መኪናው፣ ወደቡ፣ የምረቃው ሰልፍ ሁሉ ይከንፋል። ፊልሙ ማለት መዝለሉ ነው። ጥቁሩ ጠርዝም 16 ሚሊሜትር ፊልም ከዛሬው ስክሪን ስለሚጠብ የሚተርፍ ነው። ልጁ ፍጥነቱን በግማሽ ሲቀንሰው 11 ደቂቃው 22 ሊሆን ነበር። ያማረ የመንገድ ትራፊክ፣ ከነሙዚቃው።

ንግግራችንን ተመልካቹ ሰማው። ከኋላ አንዱ «እስቲ እንደመጣ ልቀቁት!» አለ። ከፊት ያሉት «ኧረ ይሄው ይሻላል» አሉ። ጭቅጭቁ ደራ። ለካ በድምጽ ማጉያ ሳነብ የነበረው መግቢያ ማንንም አልያዘም፤ ሰዉ የነቃው አሁን ነው። ከመጀመሪያው አስነሳነው፣ ያለ ሙዚቃ፣ በራሱ ፍጥነት። ትንሽ ሳቅ ነበር። ከዚያ አንዲት ልጅ ጮክ ብላ «አቦ ባጃጅ ላይ ተሳፍሬ መጋላን ያቋረጥኩ መሰለኝ» አለች። ከዚህ የተሻለ መግቢያ እኔ አልጻፍኩም።

አሁን ከእያንዳንዱ ፋይል ጋር ለልጁ ወረቀት ይሰጠዋል፦ ድምፅ አለው የለውም፣ ፍጥነቱ ስንት ነው፣ ጠርዙ ጥቁር ነው ወይ። ለቴክኒሻን «የሙከራ ፊልም» ብሎ መንገር ምንም አይጠቅመውም። ምን እንዳይነካ ነው መንገር። እሱም ጥርጣሬ ሲገባው «ይሄ ሆን ተብሎ ነው ወይስ ተበላሽቶ?» ብሎ መጠየቅ ጀምሯል።

የዚያን ምሽት መጨረሻ ላይ የ1966ቱ «ላይትስ» ነበር። የገና መብራት ነው። ማሪ በእኩለ ሌሊት ብርድ፣ ካሜራው እንዳይቀዘቅዝባት ኮቷ ውስጥ እያሞቀች የቀረጸችው። እሱም ድምፅ የለውም። ልጁ አሁን ነገሩ ገብቶታል፤ ፀጥታው ሙሉ ይሁን ብሎ ተነስቶ ማራገቢያዎቹን ሊያጠፋ ሄደ። አዳራሹ በአንድ ድምፅ ጮኸበት፦ «ወርያ! በዚህ ሙቀት ልትገድለን ነው እንዴ?»