አበባውን ሳይሆን ፍሬውን

ጅማ ውስጥ በአንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት የአረም ባለሙያ ነኝ። መስከረም በጠባ ቁጥር ስልኬ በቢጫ አበባ ፎቶግራፍ ይሞላል። ከሁሉም የሚያስቸግረኝ የጎመን ቤተሰብ ነው። አራት የአበባ ቅጠሎች በመስቀል ቅርጽ፣ ስድስት የወንዴ ዘንጎች፣ አራቱ ረጃጅም ሁለቱ አጫጭር፤ ጎመንዘሩም ሰናፍጩም ፌጦውም አበባው ሲፈታ ያው ነው። አበባ ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው፣ ደፍሬ ልናገርና፣ ምንም አልያዘም።

አምና አንድ ወጣት ባልደረባዬ ከዴዶ በኩል ካለ የስንዴ ዘር ማባዣ ማሳ ፎቶግራፍ አመጣ። «የወደቀ ጎመንዘር ነው የበቀለው፤ ስልኩም ጎመንዘር ነው ብሎኛል» አለ። የማሳው ምርት ለገበሬ በዘርነት እንዲሸጥ ማሳውን ለማጽደቅ ቸኩሏል። አብረን ወረድን።

እዚያ አረም ሲነቅሉ ያገኘናቸውን እናት «እትዬ፣ ይህ ጎመንዘር አይደለም እንዴ?» ሲላቸው ቀና ብለው አዩት። «ልጄ፣ ጎመንዘር መቼ እጅ ይቧጭራል? እስቲ ዳስሰው።»

ዳሰሰው። ግንዱም ቅጠሉም በሻካራ ጸጉር የተሸፈነ ነው፤ ጎመንዘር ግን ልሙጥ ነው። ፎቶግራፉ ላይ ፀሐይ ያጠፋው ጥቁር ደም ሥርም በሐመር ቢጫው አበባ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የቀረው ፍሬው ነበር። በዚህ ቤተሰብ ጫፉ ገና ሲያብብ ታችኛው ፍሬ ይይዛልና ብዙ አልፈለግንም። የጎመንዘር ፍሬ ሲደርቅ በቁመቱ ተከፍቶ ዘሩን ያፈስሳል። ይህኛው ግን እንደ መቁጠሪያ በየዘሩ መካከል የጠበበ ነው፤ አይከፈትም፣ በየጠባቡ ይሰበራል። የዱር ፍጅል ነው፤ በሳይንሳዊ ስሙ ራፋነስ ራፋኒስትረም፣ ከሜዲትራኒያን አካባቢ ተነሥቶ ከእህል ጋር ብዙ አገር ያዳረሰ መጤ።

ወጣቱ «ታዲያ ያው አረም አይደል?» አለ። ያው አይደለም። የተሰበረው የፍሬ ቁራጭ መጠኑ ለስንዴ ፍሬ ስለሚቀርብ በወንፊት ለመለየት አስቸጋሪ ነው። ማሳው ጸድቆ ቢሆን ኖሮ ገበሬው በገዛ ገንዘቡ አረም ገዝቶ ይዘራ ነበር፤ ዘሩ ደግሞ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይበቅላል።

ፍሬው ገና እንጭጭ መሆኑ በጀን። እትዬ ከፊት እያሳዩ፣ ወጣቱ ጆንያ ይዞ ከኋላ እየተከተለ፣ የተነቀለው ሁሉ ከማሳው ወጣ። ማጽደቂያው ቅጽም ማሳው ዳግም እስኪታይ ሳይፈረም ቆየ።