ከበሩ ጀርባ ያለችው ድመት

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ብሎት ዋለ። ምክንያቱን ፈልጌ አጣሁት። እንዲህ ሲያደርገኝ እጄን ሥራ ማስያዝ ይሻለኛል፤ የትንሿን የልደት ካርድ ጀመርኩ። አራት ዓመቷን ልትደፍን ነው፤ ማንበብ ስለማትችል የዘንድሮው ካርድ በእጇ የምትከፍተውና የምታንቀሳቅሰው እንዲሆን ፈልጌያለሁ።

ካርዱ ሲገለጥ መሀሉ ላይ ቤት ተነሥቶ ይቆማል። ላየው ሰው የሚያስደንቅ ቢሆንም አሠራሩ ቀላል ነው። ወፍራሙ ወረቀት ለሁለት ከታጠፈ በኋላ ከእጥፋቱ በኩል ሁለት እኩል ስንጥቆች በመቀስ ይገባሉ፤ በመካከላቸው የቀረው ቁራጭ ወደ ውስጥ ተገፍቶ በተቃራኒው ይታጠፋል። ቤቱ የሚለጠፈው በዚህ ቁራጭ ፊት ላይ ነው። ስንጥቁ ከታጠፈው ካርድ ስፋት ግማሽ ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ ካርዱ ሲዘጋ ጫፉ ወደ ውጭ ይወጣል። ወረቀትም እንደ እንጨት የጭረት አቅጣጫ አለው፤ ጭረቱን ተከትለው ሲያጥፉት ይታዘዛል፣ ጭረቱን አቋርጠው ሲያጥፉት እጥፋቱ ይሰነጠቃል። ይህን ሁሉ ማድረግ ደስ ይለኛል። ጣቴ ሲሠራ ልቤ ያርፋል።

የቤቱ በር ይከፈታል፤ ከጀርባው ድመት አለች። ጢሟን እየሳልኩ ሳለ ነበር ሐሳቡ የመጣብኝ። ትንሿ ክዳን ባለው ሥዕል ስትጫወት አይቻታለሁ። ከክዳኑ ሥር ምን እንዳለ አሳምራ ታውቃለች። ሆኖም «የት ሄደች?» ትላለች፣ ትንፋሿን ትይዛለች፣ ትከፍታለች፣ ከዚያም እንደ አዲስ ትጮኻለች። ወዲያው ትዘጋውና እንደገና። የምታውቀውን ነገር ማግኘት እንዲህ የሚያስደስታት ለምንድን ነው?

የስዊዘርላንዱ የሕፃናት ሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ በጨርቅ የተሸፈነ መጫወቻን ሕፃናት እስከ ስምንት ወር ገደማ እንደማይፈልጉት ጽፏል፤ ከዓይን የጠፋው ለእነርሱ የሌለ ያህል ነው። ስለዚህ «ተሸፍኗል እንጂ አለ» ብሎ ማመን ሰው በሕፃንነቱ የሚደርስበት ትልቅ እውቀት ነው። ትንሿ ክዳኑን በከፈተች ቁጥር ይህንኑ እምነቷን የምታረጋግጥ ይመስለኛል።

የሚንቀሳቀስ ወረቀት ደግሞ መጀመሪያ የልጆች አልነበረም። ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ፔትሩስ አፒያኑስ እ.ኤ.አ. በ1540 ባሳተመው መጽሐፍ የፕላኔቶችን ቦታ ለማወቅ የሚሽከረከሩ ክብ ወረቀቶችን ደራርቦ ነበር። የሰውነት አካልን ያጠናው ሐኪም አንድሬያስ ቬሳሊየስም በ1543 አንባቢው ቆርጦ በላይ በላዩ የሚለጥፋቸውን የሰውነት ክፍሎች ሥዕል አዘጋጅቷል። ለንደን ውስጥ አሳታሚው ሮበርት ሴየር ክዳን ያላቸውን ተጣጣፊ ሥዕሎች ለልጆች ማሳተም የጀመረው በ1760ዎቹ ነው። ሊቃውንቱ ወረቀቱን የሚያዞሩትና የሚገልጡት የማያውቁትን ለማወቅ ነበር። ልጅ ግን የምታውቀው በቦታው እንዳለ ለማየት ትከፍታለች። እኔ የልጅቱ ይበልጥብኛል። ትልቅ ሰውም ቢሆን ለምንወደው ሰው ደውለን «እንዲያው ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው» ስንል የምናደርገው ይህንኑ አይደለም?

ችግሩ ካርዱን ሳስብ ሌላ ነገር አቅጄ ነበር። ከበሩ ጀርባ ክብ ወረቀት አለ፤ ጠርዙን በጣቷ ስታዞረው ድመቷ ትሄድና ጥንቸል፣ ከዚያ ወፍ፣ ከዚያ ኤሊ ይመጣሉ። ክቡን ቆርጬ፣ እንስሳቱን ቀለም ቀብቼ፣ መሀሉን በስቼ ጨርሻለሁ። የቀረው በማያያዣ መያዝ ብቻ ነው። እናቷ «በጣም ትወደዋለች፤ በየጊዜው አዲስ ነገር ይሆንላታል» ብላለች። እውነቷን ሊሆን ይችላል። ግን በሩን ከፍታ ድመቷን ፈልጋ ኤሊ ብታገኝስ? ትስቃለች ወይስ ድመቷ የት ሄደች ብላ ትከፋለች? ክቡን ልግጠመው ወይስ ድመቷን እዚያው ለጥፌ ልተዋት?